እሳት የሚጠብቅ ቁጥቋጦ

ካሊፎርኒያ፣ ኦክላንድ ከተማ የሚኖር ሐበሻ ቴሌግራፍ መንገድን ያውቀዋል። ምግብ ቤቶቹን ያውቃል፣ በርበሬና ሽሮ የሚገዛበትን ሱቅ ያውቃል። ከከተማው በስተ ምሥራቅ የተዘረጋውን ተራራ ግን አብዛኞቻችን የምናየው ከመኪና መስኮት ነው። እዚያ ሸንተረር ላይ በዓለም ሌላ ቦታ በተፈጥሮው የማይበቅል ቁጥቋጦ አለ። ፓሊድ ማንዛኒታ ይባላል። የሳይንስ ስሙ አርክቶስታፊሎስ ፓሊዳ ነው።

አገሩ በሙሉ በአላሚዳና በኮንትራ ኮስታ ካውንቲ ያሉት ኮረብቶች ናቸው። ከዚያም ውስጥ ደህና ብዛት ያለው በሁለት ቦታ ብቻ ነው። አንዱ ኦክላንድ ላይ ያለው የሃክልቤሪ ጥብቅ ስፍራ ነው። ሌላው ወደ ሰሜን፣ ኤል ሶብራንቴ አጠገብ ያለው የሶብራንቴ ሸንተረር ነው። የቀረው እዚህም እዚያም፣ በሰው ጓሮና በመንገድ ዳር የተበታተነ ነው። ካሊፎርኒያ በ1979 ለመጥፋት የተቃረበ ብላ መዘገበችው። የፌዴራሉ መንግሥት ደግሞ በ1998 አደጋ ላይ ካሉ ዕፅዋት ዝርዝር ውስጥ አስገባው። (ዓመቶቹን ሁሉ በፈረንጅ አቆጣጠር ነው የምጽፈው።)

እኔ ከሸንተረሩ በታች፣ ጠፍጣፋው ከተማ ውስጥ ነው የምኖረው። ወደ ሃክልቤሪ የምወጣው በብዛት በጥር ነው። ለምን በጥር እንደሆነ እነግራችኋለሁ።

ስካይላይን ቡልቫርድ ላይ መኪና አቁማችሁ ስትገቡ መንገዱ መጀመሪያ ቁልቁል ይወስዳችኋል። ጥላ ነው። የቤይ ሎረል ዛፎች ከላይ ገጥመው መሬቱ እርጥብ ነው፣ ይቀዘቅዛል። ቅጠላቸውን ጨምቃችሁ ብታሸቱት አፍንጫ ይሰነፍጣል። ከዚያ መንገዱ ዞሮ ሽቅብ ይወጣል። ከላይኛው መንገድ ላይ ወደ ጎን የሚገቡ አጫጭር ቅያሶች አሉ። እነሱ ውስጥ ስትገቡ ዛፉ ድንገት ያልቃል። ፀሐይ ፊታችሁን ይመታችኋል። ከእግራችሁ ሥር ያለው አፈር ሳይሆን ስባሪ ድንጋይ ነው፤ ስትረግጡት ይንኳኳል።

ያ ድንጋይ በአንድ ወቅት የባሕር ወለል ነበር። ከ10 ሚሊዮን ዓመት በላይ በፊት በባሕር ውስጥ የሚኖሩ ደቃቅ ፍጥረታት ቅሪት እየተነባበረ የሠራው ነው። መሬቱ ተገፍቶ ተነሥቶ ተራራ ሆነ። ለተክል የሚሆን ምግብ እዚያ ውስጥ ብዙም የለም። ውኃም አይዝም። ኦክ የሚባለው ዛፍም ቤይም አፈሩ ደህና በሆነበት በፍጥነት አድገው ሌላውን ይውጡታል። እዚህ ባዶ ድንጋይ ላይ ግን ይቸገራሉ። ማንዛኒታው የኖረው በዚህ ምክንያት ነው።

እንዲህ ያለውን ስፍራ ቻፓራል ይሉታል። ቅጠላቸው ጠንካራና ወፍራም የሆነ፣ የማይረግፍ፣ እርስ በርስ የተቆላለፉ ቁጥቋጦዎች የሸፈኑት ምድር ማለት ነው። ዝናቡ ከኅዳር እስከ መጋቢት ይወርዳል። ከዚያ በኋላ ወራት ሙሉ ጠብታ የለም። እኛ ሰኔ ሲገባ ሰማይ ሰማይ እያየን ላደግነው ሰዎች ይህ መጀመሪያ ላይ ግራ ያጋባል። ሐምሌ እዚህ የድርቅ ወር ነው። ይህ ሸንተረር ግን አንድ ጸጋ አለው። በበጋው ጠዋትና ማታ ከፓስፊክ የሚመጣው ጉም በሳን ፍራንሲስኮ ባሕረ ሰላጤ በኩል ገብቶ ያለብሰዋል። ቅጠሉ ላይ ጠል ይይዛል፣ ይንጠባጠባል። ፓሊድ ማንዛኒታ ከዚህ ጉም ርቆ አይኖርም።

ተክሉ ራሱ ቀረብ ብለው ሲያዩት ያምራል። ከሰው ቁመት በላይ ይሄዳል፤ እስከ 4 ሜትር የሚደርስ አለ። ግንዱ ቀላ ያለ ወይም ግራጫ ነው። ቀጫጭን ቅርንጫፎቹ ላይ ፀጉር አለ። ቅጠሉ አገዳ የለውም ማለት ይቻላል። በቀጥታ ቅርንጫፉን አቅፎ ይቀመጣል፣ አንዱ በሌላው ላይ ተደርቦ። ቀለሙ ገርጣ ያለ፣ ወደ አመድማ የሚወስድ አረንጓዴ ነው። ብዙው ቅጠል ጠርዙን ወደ ላይ አድርጎ ቆሟል። የቀትር ፀሐይ ጎኑን ትታ እንድታልፍ ነው።

አበባው የሚመጣው ዙሪያው ሁሉ ገና በተኛበት፣ ከታኅሣሥ እስከ መጋቢት ነው። ነጭ ነው፣ አንዳንዴ ሮዝ ይነካዋል። እያንዳንዱ አበባ አፏ ወደ ታች የተደፋ የጣት ጫፍ የማታክል እንስራ ናት። በጥር ፀሐያማ ቀን እዚያ ቁጭ ብላችሁ ብትጠብቁ ትልልቆቹ ፀጉራም የዱር ንቦች ይመጣሉ። አበባዋን ጨብጠው ይንጠለጠላሉ። ከዚያ ድምፃቸው ይለወጣል። የበረራው ድምፅ ቀርቶ ወፍራም፣ አጭር ንዝረት ይሆናል። የአበባው ዱቄት ያለው በጠባብ ቀዳዳ ብቻ በሚከፈት ከረጢት ውስጥ ነው። ንቧ በደረቷ ጡንቻ ካላንቀጠቀጠችው አይፈስም። ስትነዝረው ሆዷ ላይ ይዘንባል። ያንን ድምፅ ለመስማት ነው በጥር የምወጣው።

ይህን ተክል ለመጀመሪያ ጊዜ ለይታ ስም የሰጠችው አሊስ ኢስትዉድ ናት፣ በ1933። ስለዚች ሴት ትንሽ ልበል። የካሊፎርኒያ ሳይንስ አካዳሚ የዕፅዋት ክፍል ኃላፊ ነበረች። በ1906 ሳን ፍራንሲስኮ በምድር መንቀጥቀጥ ስትፈራርስ የአካዳሚው ደረጃ ተሰባብሮ ነበር። እሷ በብረት መደገፊያው ላይ እየተንጠላጠለች ስድስተኛ ፎቅ ድረስ ወጣች። ወደ 1,500 የሚጠጉ ዋና ዋና የዕፅዋት ናሙናዎችን በገመድ እያሰረች አወረደች። ትንሽ ቆይቶ ሕንፃው በእሳት ጋየ። የገዛ ቤቷም ተቃጠለ። ማንዛኒታችንን ስትሰይም ዕድሜዋ 70 አልፎ ነበር። እንዲህ ያለ ሰው በዚህ ቁጥቋጦ ታሪክ ውስጥ መኖሩ ደስ ይለኛል።

እናቴ ልትጠይቀኝ የመጣች ጊዜ ወደዚያ ይዣት ሄድኩ። እናቴ የመንዝ ልጅ ናት፣ ከጓሳ አጠገብ ያደገች። ጉልበቷን ስለሚያማት በላይኛው መንገድ ቀስ ብለን ሄድን። አበባው ጋ ስትደርስ ቆመች።

«ይሄ አስታ አይደለም እንዴ?» አለችኝ።

«አይደለም እማዬ። ማንዛኒታ ነው የሚሉት።»

«ቅጠሉ አይመስልም። አበባው ግን አስታ ነው» አለች። አንዷን አበባ በጣቷ ቀና አድርጋ አየቻት። «እኛ ጋ ቢቆርጡትም ቢያቃጥሉትም ከሥሩ ያቆጠቁጣል፣ አስታ።»

ሁለቱንም ነገር በትክክል ነበር ያየችው። አስታና ማንዛኒታ በዕፅዋት ሳይንስ አንድ ቤተሰብ ናቸው። ኤሪካሴ ይባላል። እናቴ ይህን አላነበበችም፤ በልጅነቷ ማገዶ ስትለቅም ያየችው አበባ ነው የነገራት። ሁለተኛው ነገሯ ደግሞ የዚህን ተክል ችግር በሙሉ የሚከፍት ነው።

አስታ ሲቃጠል አይሞትም። በባሌ ተራሮች አርብቶ አደሮች ለግጦሽ ብለው ያቃጥሉታል። ግንዱ ይነድዳል፣ መሬት ውስጥ ያለው ያበጠ የሥር ጉብታው ግን ይተርፋል። ከዚያ ላይ አዲስ ቀንበጥ ያወጣል። ብዙ የማንዛኒታ ዝርያዎችም እንዲሁ ናቸው። እዚያው ሃክልቤሪ ውስጥ፣ ከፓሊዱ ጎን፣ ሥሩ ላይ ይህ ጉብታ ያለው ሌላ ማንዛኒታ ይበቅላል። እሳት ቢመጣ እሱ ራሱን ያድናል።

ፓሊድ ማንዛኒታ ግን ጉብታ የለውም። እሳት ካገኘው ይሞታል፣ በቃ። ተስፋው ያለው መሬት ውስጥ ነው። በየዓመቱ ቀላ ያሉ ትንንሽ ፍሬዎች ያረግፋል። የውስጡ ዘር እንደ ድንጋይ የጠጠረ ነው። አይጦች ለክፉ ቀን ብለው ይቀብሩታል፣ ብዙውን ረስተው ይተዉታል። ዘሩ እዚያ ለዓመታት ይተኛል። ውኃ ብቻ አያስነሣውም። ከላዩ እሳት አልፎ፣ ከከሰሉና ከአመዱ የሚወጣው ነገር ከዝናቡ ጋር ሲወርድ ነው በደንብ የሚነቃው። በጥልቀት የተቀበረው ከግለቱ ይተርፋል። ወላጆቹ የከሰሉበት ሜዳ ላይ ልጆቹ በጋራ ይበቅላሉ። ጥላ የሚሆንባቸው የለም። ሙሉ ፀሐይ ያገኛሉ።

ይህ አኗኗር ሒሳቡ ከባድ ነው። እሳቱ ቶሎ ቶሎ ከመጣ ችግኞቹ ለፍሬ ሳይደርሱ ያልቃሉ፣ የመሬቱም ክምችት ባዶ ይቀራል። እሳቱ በጣም ከዘገየ ደግሞ ወላጆቹ ያረጃሉ፣ ዛፍ ይውጣቸዋል፣ የሚተካቸውም አይመጣም። ዛሬ ሃክልቤሪ ላይ ያለው ሁለተኛው ነው። አሮጌዎቹ እየወደቁ ነው። ችግኝ ማየት ብርቅ ነው።

ይህ አካባቢ የቀደምት ነዋሪዎቹ፣ የኦሎኒ ሕዝብ አገር ነው። እነሱ ምድሩን በየጊዜው በዕውቀት ያቃጥሉ ነበር። በ1793 የስፔኑ ገዢ አሪያጋ ይህን ማቃጠል ከለከለ። ከዚያ በኋላ የመጡት መንግሥታትም እሳት ሲያዩ የሚያውቁት ማጥፋትን ብቻ ነበር። እኔ ዛሬ እሳት ለመልቀቅ የሚፈሩትን አልወቅስም። ጥቅምት 20 ቀን 1991 በእነዚሁ ኮረብቶች የተነሣው እሳት 25 ሰው ገደለ። ከ2,800 በላይ መኖሪያ ቤቶች ወደሙ፣ አፓርታማዎቹ ሳይቆጠሩ። ያኔ እዚህ የነበሩ ሰዎች ሰማዩ ቀን ላይ ጨለመ ይላሉ። ያንን ላየ ሰው ሄዶ «ቁጥቋጦው እሳት ይፈልጋል» ማለት ቀላል አይደለም። ሰውየው ቤቱን እንደገና የሠራው እዚያው ነው፤ ማንዛኒታውም ከአጥሩ ማዶ ነው።

ስለ ዛፎቹ ደግሞ የግድ መናገር አለብኝ። እኛ ኢትዮጵያውያን ልንሰማው የሚገባ ነገር ይህ ስለሚመስለኝ ነው።

እነዚህ ኮረብቶች ከመቶ ሃምሳ ዓመት በፊት አብዛኛው ሣርና ቁጥቋጦ ነበሩ። ከ1910 በኋላ ፍራንክ ሄቨንስ የሚባል ባለሀብት በሸንተረሩ ላይ ባሕር ዛፍ በብዛት አስተከለ። እንጨቱን ሸጦ ለማትረፍ ነበር። እንጨቱ ለሥራ የማይሆን ሆነ፣ ድርጅቱ ተዘጋ፣ ዛፉ ቀረ። አዎ፣ ያው የእኛው ባሕር ዛፍ ነው። በአፄ ምኒልክ ዘመን አዲስ አበባ የገባው፣ እንጦጦን የሸፈነው። ከሱ ሌላ የሞንተሬይ ጥድም ተተከለ። ሁለቱም ረጅም ናቸው። ሁለቱም ጥላ ይጥላሉ፣ ቅርፊትና ቅጠል ያራግፋሉ። እሳት ስለጠፋ የአገሩ ኦክና ቤይም ወደ ሸንተረሩ እየወጡ ነው። ፓሊድ ማንዛኒታ ጥላን አይችልም። ከላይ ሲሸፈን ቅጠሉ ይሳሳል፣ አበባው ይቀንሳል፣ ቅርንጫፉ አንድ በአንድ ይደርቃል። ጥላው ገፋ ያደረጋቸውን አይቻለሁ። ወደ ብርሃን ሲዘረጉ ጎናቸው ተጣሞ፣ ጫፋቸው ላይ ብቻ ጥቂት ቅጠል ይዘው ይቆማሉ።

ዛፍ መትከል ለኛ ሁሌም መልካም ሥራ ነው። በትምህርት ቤት ተክለናል፣ ለአረንጓዴ አሻራ ተክለናል። እኔም ደስ ብሎኝ ተክያለሁ፣ ወደፊትም እተክላለሁ። ግን ምን እንደምንተክልና የት እንደምንተክል ካልጠየቅን፣ ቀድሞ እዚያ የነበረውን ልንገድለው እንችላለን። እንጦጦ ላይ የአገር ጽድና ወይራ ለመመለስ ባሕር ዛፍ መነሣት አለበት የሚሉ ባለሙያዎችን አውቃለሁ። ትክክል ናቸው። ኦክላንድ ላይ ዛፍ ሊቆረጥ ነው ሲባል ሰልፍ የሚወጣ ሰው አለ። ያን ሰው እረዳዋለሁ፣ ዛፍ ወዳጅ ነው። ፓሊድ ማንዛኒታ ላይ ጥላ የጣለው ዛፍ ግን ይቆረጥ ባይ ነኝ። ባሕር ዛፍ አውስትራሊያም አለ፣ ሱሉልታም አለ፣ ፖርቱጋልም አለ። ይህ ቁጥቋጦ ያለው እዚህ ነው። ቦታውን የሚያስተዳድረው የኢስት ቤይ ሪጅናል ፓርክ ዲስትሪክት ጥላ የሚጥሉትን እየመረጠ ያነሣል። ሥራው አዝጋሚ ነው፣ ገንዘብም ይጠይቃል። ግን የሚታይ ለውጥ ያመጣል።

ሌላው ጠላት ከጫማችን ጋር የሚመጣ ነው። ፋይቶፍቶራ ሲናሞሚ ይባላል። እርጥብ አፈር ውስጥ የሚዋኝ፣ በዓይን የማይታይ፣ ሥር የሚያበሰብስ ተሕዋስ ነው። አቮካዶ የሚያመርቱ ገበሬዎች በደንብ ያውቁታል። በችግኝ ማፍያ ዕፅዋት፣ በጎርፍና በጭቃ ይዛመታል። ሃክልቤሪ ውስጥም ገብቷል። አንድ ማንዛኒታ ተይዞ ሲሞት አረንጓዴው ቅጠል መጀመሪያ ይደበዝዛል። ከዚያ ተክሉ በሙሉ ቡናማ ይሆናል፣ ቅጠሉ ግን እዛው ይንጠለጠላል። አንዴ አፈር ውስጥ ከገባ የሚያወጣው የለም። ዛፍ ይቆረጣል፣ እሳት በሥርዓት ይለኮሳል፤ ለዚህ ግን መከላከል ብቻ ነው ያለው። በጣም የሚያስፈራኝ ይሄኛው ነው።

ደግሞ ጓሮ አለ። በሸንተረሩ ላይ ያሉ ነዋሪዎች ለጌጥ ከሌላ አካባቢ የመጣ ማንዛኒታ ይተክላሉ። ንቧ ድንበር አታውቅም። ዱቄቱን ከጓሮው ወደ ዱሩ ታመላልሳለች። ከዚያ የሚገኘው ዘር ድቅል ይሆናል። እንዲህ እንዲህ እያለ ፓሊዱ ሳይቃጠልም ሳይታመምም ሊጠፋ ይችላል።

ከጠፋ በኋላ ማዳን ምን እንደሚመስል ከባሕረ ሰላጤው ማዶ አይተናል። ፍራንሲስካን ማንዛኒታ የሚባለው የሳን ፍራንሲስኮ ቁጥቋጦ በዱር የለም ከተባለ ወደ 60 ዓመት ሆኖት ነበር። በ1940ዎቹ የመጨረሻው መኖሪያው የነበረው አሮጌ መቃብር ሲታረስ ጥቂቱን አትርፈው በአትክልት ስፍራ ያቆዩት ሰዎች ነበሩ። በ2009 ወደ ጎልደን ጌት ድልድይ የሚወስደው መንገድ ሲሠራ ዛፎች ተመነጠሩ። አንድ የሥነ ሕይወት ባለሙያ በመኪና ሲያልፍ ከተገለጠው መሬት ላይ አንድ ቁጥቋጦ አየ። እሱው ነበር፣ አንድ ብቻ። በ2010 ጥር ላይ ከነሥሩና ከነአፈሩ፣ 10 ቶን ገደማ ክብደት ይዞ በክሬን ተነሥቶ ወደ ሌላ ቦታ ተዛወረ። ወጪው ከ200,000 ዶላር በላይ ነበር። ያ ገንዘብ ለምን ወጣ ብለው የተቆጡ ብዙዎች ናቸው። እኔ አልቆጣም። የምቆጨው በሌላ ነገር ነው። ፓሊድ ማንዛኒታ ዛሬ ገና በሁለት ቦታ በርከት ብሎ ቆሟል፤ አንድ ዛፍ በመጋዝ መቁረጥ ከክሬን ኪራይ ጋር አይወዳደርም።

እሳትስ? ያንን ሸንተረር ሙሉ በሙሉ ማቃጠል አይቻልም፣ ይቃጠልም አልልም። በትንንሽ ቦታ፣ እርጥበት ባለበት ወር፣ የደረቀውን ቅርንጫፍ ከምሮ መለኮስ ግን ይቻላል። ከሥሩ የተኛውን ዘር የሚነካው ያህል። ጎረቤቶቹ አስቀድመው ካልተማከሩ ግን አይሆንም። እናቴ ስለ ጓሳ የነገረችኝ እዚህ ላይ ትዝ ይለኛል። የመንዝ ሰው ጓሳውን ለዘመናት ያቆየው በሥርዓት ነው። ቄሮ የሚሉት ሕግ ነበራቸው። ሣሩ ለዓመታት ይዘጋል፣ ደረሰ ሲባል በስምምነት ይከፈታል። ያለ ጊዜው የገባ ይቀጣል። ሕጉን የሚያስከብረው እዚያው ዙሪያ የሚኖረው ሰው ነበር። ስካይላይን ላይ ያሉት ነዋሪዎችም ከፓርኩ ጋር ቁጭ ብለው «በዚህ ወር፣ በዚህ ጥግ፣ ይህን ያህል ጭስ» መባባል አለባቸው። ቤታቸው ዙሪያ ያለው የባሕር ዛፍ ልጣጭ ከማንዛኒታው የበለጠ ለነሱ አደጋ ነው፣ ስለዚህ የሚነጋገሩበት የጋራ ጉዳይ አላቸው።

ቤይ ኤሪያ ያላችሁ፣ ጥር ላይ ዝናብ ካባራ ከቀናት በኋላ ሂዱ። መግቢያው ነፃ ነው። ውሻ አይገባም። ከመነሣታችሁ በፊት የጫማችሁን ሶል በብሩሽ ጥረጉ፣ በተለይ ሌላ ጫካ ሄዳችሁበት ከሆነ ጭቃው በደንብ ይልቀቅ። ስትመለሱም እንደዚያው። መንገዱ ጭቃ ከሆነ ለሌላ ቀን ይቆይ። ከመንገዱ አትውጡ፤ ችግኝ ካለ የሚኖረው ዳር ላይ ነው። ሸንተረሩ ላይ ቤት ያላችሁ ደግሞ ማንዛኒታ ከመግዛታችሁ በፊት የትኛው ዝርያ እንደሆነና ከየት እንደመጣ ጠይቁ፣ ሻጩ ካላወቀ ሌላ ነገር ትከሉ።